የበረዶ ፊደል

ኢንስፔክተር አልጣሽ ደበበ የመኪናውን በር እንደከፈተች መልሳ ልትዘጋው ምንም አልቀራትም ነበር። ሽታው እንደ ጥፊ መጣባት።

«የቡና ገለፈት ነው» አለ ሾፌሩ ኮንስታብል ወልዱ፣ አፍንጫውን በክንዱ እየሸፈነ። «ማጠቢያው ከተዘጋ ወዲህ ጉድጓዱ ውስጥ እንደበሰበሰ ቀርቷል።»

«ገለፈትን አውቀዋለሁ፤ የቡና ገበሬ ልጅ ነኝ። ይሄ ገለፈት ብቻ አይደለም።»

ከዱመርሶ ወጣ ብሎ፣ በእንሰትና በቡና መሀል፣ ሥራ ካቆመ የቆየ የቡና ማጠቢያ ነበር። ቆርቆሮው ተነቅሏል፤ ማሽኑ ተፈትቶ ተወስዷል። የቀረው እስከ ወገቡ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ሰፊ ክፍል የሚያህል ደረቅ የሲሚንቶ ገንዳ ነው። ከላይ ከባድ የብረት ክዳን አለው፤ መቀርቀሪያው ከውጭ በኩል ነው። ከጎኑ አንድ የአየር ቱቦ ብቅ ብሎ ይታያል። በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ክዳኑ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ዝንቡ ከውስጡ እየፈላ ይወጣል።

አልጣሽ መሀረቧን አፏ ላይ አስራ በብረቱ መሰላል ወረደች።

ሟቹ በደረቱ ላይ እጆቹን አጣምሮ በእርጥብ የፍየል ቆዳ ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ይዲድያ ይባላል። የዲላ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። በዙሪያው የፍየሏ አንጀት እንደ ገመድ ክብ ሠርቶ ተዘርግቷል። ጨጓራዋ ተቀዶ ያላመነዠከችው ሣር አረንጓዴ ሆኖ ወለሉ ላይ ፈሷል። ጭንቅላቷ በሟቹ ራስጌ ተቀምጧል፤ ምላሷ በጥርሶቿ መሀል ወጥቶ በዝንብ ጠቁሯል። በይዲድያ ግንባር ላይ በደም ምልክት ተጽፎበታል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መስመሮች፣ መሀላቸውን የሚያገናኝ ያዘመመ ጭረት።

አልጣሽ ወደ ሟቹ ቀረበች። ጎንበስ ብላ የሟቹን እጅ አነሳች። ጥፍሮቹ ሥር ሮዝ ቀለም ይታያል። ከንፈሩን ገለጠች፤ ድዱም እንደዚያው ነው፣ የጤነኛ ሕፃን ድድ ይመስላል። ጣቶቹ ላይ የደም ጠብታ የለም። የቀኝ እጁ የጣት አንጓዎች ግን ቆዳቸው ተልጦ ሥጋው ወጥቷል።

«የሰይጣን ሥራ ነው» አለ ወልዱ ከላይ ሆኖ። «ልጁ የጣዖት ዘፈን ነበር የሚጫወተው ይላሉ። ራሱን ገብሮ ይሆናል።»

«ራሱን የገበረ ሰው ግንባሩ ላይ በደም ከጻፈ በኋላ እጁን በምን ታጠበ?» አለች አልጣሽ።

ከገንዳው ወጥታ ዙሪያውን ቃኘች። የእንሰቱ ቅጠል በሙሉ ተተልትሏል። የቡናው ቅጠል መሬት ላይ ረግፏል። ከገንዳው ግድግዳ ጥግ ሰው ያስመለሰው ትውከት ደርቋል። የአየር ቱቦውን አፍ በጣቷ ጠረገችው፤ ጣቷ በጥላሸት ጠቆረ። ከቱቦው ሥር ያለው ሣር ተለብልቦ ቢጫ ሆኗል፤ አጠገቡም የዘይት ጠብታ አለ። ጄኔሬተር ግን እዚያ አልነበረም። ርቆ፣ ከቡናው ውስጥ፣ ረጅም ገመድ ተጠቅልሎበት ቆሟል። ከሥሩ ያለው ሣር ለምለም ነው።

ከተሰበሰቡት ገበሬዎች መሀል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ወደ እሷ መጡ። ሙሉካ ይባላሉ፤ መሬታቸው ከማጠቢያው ጋር ይዋሰናል።

«ሌላ ሰው ሳይነግርብኝ እኔ ልናገር» አሉ። «ይሄን ልጅ እኔ ረግሜው ነበር።»

«ለምን አባባ?»

«እዚያ ከኮረብታው ላይ የቆሙት ድንጋዮች ከሥራቸው ሰው አለ። የእኛ አባቶች ናቸው። እነዚህ ልጆች መጥተው ድንጋዩን በመዶሻ መቱት። ለዘፈን ነው አሉኝ፤ ድምፁ ደስ ይላል አሉኝ። አንዱ ድንጋይ ተሰነጠቀ። እኔም የአባቴን ራስ የመታ እጅ ይድረቅ አልኩ።»

«የመታው ይዲድያ ነው?»

«የመታው ያ ጓደኛው፣ ሞተር ያለው። ይዲድያ ቆሞ ዝም አለ። በኋላ ግን አፈረ። ዓርብ ዕለት ብቻውን ቤቴ መጣ፣ እግሬ ላይ ወደቀ። ያንን ዘፈን አጠፋዋለሁ፣ ማንም አይሰማውም አለኝ። እኔም እርግማኔን አነሳሁለት።» ሽማግሌው ወደ ገንዳው ዞረው ተመለከቱ። «አንስቼለት ነበር እኮ።»

«ቅጠሉን እንዲህ ያደረገው ምንድን ነው?»

«ቅዳሜ ከሰዓት በረዶ መታን። ቡናችንን ጨረሰው።»

አልጣሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲላ ነበረች። ዲላ ላይ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲነሳ እንጂ ጠብታ ሲወርድ አላየችም።

*

የይዲድያ ታላቅ ወንድም ታዲዮስ የአንድ ቤተክርስቲያን የመዘምራን መሪ ነው። በማግስቱ አልጣሽ ዲላ ወደሚገኘው ቤቱ ስትሄድ በጓሮ በኩል ወስዶ አስቀመጣት። ለቀስተኛው እንዲሰማው አልፈለገም። ነጭ ሸሚዙ ተተኩሶ ቀጥ ብሏል።

«ይዲድያ ከእኔ ጋር ነው ያደገው» አለ። «ኪቦርድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ከኢንተርኔት ላይ ያንን ነገር ሰማ። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ክርስትና ሳይደርሳቸው በፊት ያመልኩት የነበረውን እያነሱ የሚያጉረመርሙት ሙዚቃ ነው። ቀንድ ይነፋሉ፣ ቆዳ ይመታሉ፣ ከጉሮሯቸው እንደ አውሬ ያገሳሉ። ሩን የሚባል የጥንት ፊደል አላቸው፤ በየፊደሉ ዘፈን ይሠራሉ።»

«ሰምተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? እንዴት አድርጌ!»

«ታዲያ በጉባኤ ፊት ወንድሜ በአጋንንት ተይዟል ብለው ተናገሩ የሚባለው ሳይሰሙት ነው?»

ታዲዮስ ፊቱ ተለዋወጠ። «የቤተሰባችን ስም ነው፣ ኢንስፔክተር። ሰው እኔን እያየ ነው የሚዘምረው። መጨረሻውስ ምን ሆነ? ይኸው በአንጀት ተከቦ፣ ግንባሩ ላይ ያን ቆሻሻ ምልክት ተጽፎበት ሞተ።»

አልጣሽ ማስታወሻ መያዙን አቆመች። የይዲድያን ሬሳ ከገንዳው ስታስወጣ ራሷ በአንሶላ ሸፍናው ነበር። ገበሬዎቹም ሽታውን ሸሽተው ወደ ክዳኑ አልቀረቡም። ከሆስፒታሉ ደግሞ ገና ለቤተሰብ አልተሰጠም።

«ግንባሩ ላይ ምልክት እንዳለ ማን ነገረዎት?»

ታዲዮስ ከንፈሩን ላሰ። ከዚያ ተነሳ። «ለቀስተኛ እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ገባ።

*

ሀኒ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። በይዲድያ ሙዚቃ ውስጥ ድምፅ የምትሰጠው እሷ ነበረች፤ ሊጋቡም አስበው ነበር። አይኖቿ አብጠው ጠበዋል። አልጋዋ ላይ ሰፊ ክብ ከበሮ ተቀምጧል፤ በቆዳው ላይ ያልታወቁ ፊደላት በእሳት ተተኩሰውበታል።

«ሰው ስለማይገባው ነው ሰይጣን የሚለው» አለች። «ይዲድያ ምንም አያመልክም ነበር። ጭጋግ ይወድ ነበር። የጫካ ድምፅ ይቀዳል፣ የወንዝ፣ የእንሰት ቅጠል በነፋስ ሲንኮሻኮሽ። ዝግ ያለ ነገር ነው የሚሠራው፣ እንደ ጸሎት። ሩኖቹን የወደዳቸው እያንዳንዳቸው የአንድ ነገር ስም ስለሆኑ ነው። አንዱ ከብት፣ አንዱ ጉዞ፣ አንዱ ቀን ነው።»

አልጣሽ በወረቀት ላይ ሁለት መስመር አቁማ መሀላቸውን ባዘመመ ጭረት አገናኘች። «ይሄስ?»

«እሱ በረዶ ነው። ሀጋላዝ ይሉታል። ግን በዚህኛው ሠርተን አናውቅም። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ቆይ እነግርሻለሁ። ከበሮው እንዴት አንቺ ጋ መጣ?»

«ዓርብ ማታ ይዞልኝ መጣ። ከአባባ ሙሉካ ጋር ታርቄ መጣሁ፣ ከእንግዲህ አልመታውም፣ አንቺ አስቀምጪው አለኝ።» እጇን ከበሮው ላይ አሳረፈች፤ እንዳይጮህ የፈራች ይመስል ነበር። «ኖርዌይ ላይ ፌስቲቫል ተጋብዘን ነበር። ድምፃችንን የሚቀዳው ጓደኛው ከፍያለው ዓመት ሙሉ ስለሌላ ነገር አላወራም። ይዲድያ ግን አልሄድም አለ። በሰው መቃብር ላይ የቀዳሁትን ይዤ ሰው ፊት አልቆምም፣ ሁሉንም አጠፋዋለሁ አለ።»

«ከፍያለው ምን አለ?»

«መጀመሪያ አበደ። ከዚያ ረጋ ብሎ ደወለለት፤ ለስንብት አንድ ነገር በድምፅህ ብቻ እንቅዳ፣ ለራሳችን የሚቀር አለው። ይዲድያም ቅዳሜ ሄደ። ባዶ እጁን ነው የሄደው።» ከበሮውን ወደ ራሷ ሳበችው። «አብሬው ልሂድ ብዬው ነበር።»

*

ከፍያለው መሀል ከተማ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ አለው። የድምፅ ባለሙያ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው ዲላ ላይ በንግድ የከበሩ ሰው ስለሆኑ ዕቃው ሁሉ ምርጥ ነው። የስቱዲዮው ግድግዳ በስፖንጅ ተለብሷል። እሱ ራሱ ጥቁር ለብሷል፤ ጥቁሩም ተመርጦ የተለበሰ ነበር። ከኋላው ባለው ስክሪን ላይ የይዲድያ ፎቶ ይታያል። ከፎቶው ሥር ያው የበረዶው ፊደል በትልቁ ተስሏል።

«የመጨረሻ ሥራው ነው» አለ። «ዛሬ ጠዋት ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። ከጀርመን፣ ከፖላንድ፣ ከቺሊ ሰው እያለቀሰ እየጻፈ ነው። ማንም ከዚህ በፊት አያውቀንም ነበር፣ ኢንስፔክተር። አሁን አወቁን።»

«ቅዳሜ ዕለት ምን ሆነ?»

«ጠዋት አብረን ቀዳን። ጄኔሬተሩን እንደ ሁልጊዜው ራቅ አድርጌ ቡናው ውስጥ አቆምኩት፣ ድምፁ እንዳይገባ። ገንዳውን የምንወደው ለማስተጋባቱ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሹክ ብትዪ እንኳ ካቴድራል ነው የሚመስለው። ከዚያ ይዲድያ ብቻዬን ልሁን አለኝ። ፍየል ይዞ መጥቶ ነበር። ምን ልታደርጋት ነው ስለው መልስ አልሰጠኝም። እኔ መቅረጫውን ይዤ በሞተር ወደ ዲላ ወረድኩ። ምሳዬን እዚሁ ነው የበላሁት።»

«ከዚያ በኋላ ተመልሰህ አልሄድክም?»

«አልሄድኩም።»

«መቅረጫውም አልተመለሰም?»

«ከእጄ አልወጣም። እዚሁ ነበር።»

«እስቲ አሰማኝ።»

ከፍያለው ለማሰማት ሲጣደፍ ኀዘኑን የረሳ መሰለ። መብራቱን ቀነሰ። ከስፒከሮቹ ዝግ ያለ ጉርምርምታ ወጣ፤ ከወለሉ በእግር ጫማ በኩል ይሰማል። በላዩ የሰው ድምፅ ያለ ቃል ያዜማል። ያምር ነበር፤ አልጣሽ ይህን ለራሷ ሳትወድ አመነች። ቀስ በቀስ በዙሪያው እንደ ጠጠር የሚረግፍ ነገር ተነሳ፣ በብረት ላይ እንደሚዘራ እህል። ከዚያ ከበሮ ገባ። መጀመሪያ ፈጣን ነበር፤ ቆየና ዘገየ። ድምፁ ወደ ትንፋሽ ተለወጠ፤ ረጅም፣ የሚጎተት፣ የሚያንኮራፋ ትንፋሽ። ከበሮው ለመጨረሻ ጊዜ ተመታና ጸጥ አለ።

የአልጣሽ ክንድ ፀጉር ቆመ። ለምን እንደሆነ ገና ራሷም አላወቀችም።

«ከበሮውን ማነው የሚመታው?» አለች።

«ይዲድያ ነው» አለ ከፍያለው፣ ፈገግታ ቢጤ በአፉ ጥግ ብልጭ ብሎ። «በእጁ ነው የሚመታው።»

አልጣሽ ተነሳች። ደረጃውን ወረደች። ከታች ጎዳናው ላይ ቆማ ረጅም አየር ሳበች፤ የባጃጅ ጭስ ነበር፣ ግን ከላይ ከነበረው ይሻላል።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አልጣሽ ሁሉንም በከፍያለው ስቱዲዮ ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው ሙሉካ በትራቸውን ጉልበታቸው መሀል አድርገው ተቀምጠዋል። ታዲዮስ ከሁሉም ርቆ በሩ አጠገብ ነው። ሀኒ መሬት መሬት ታያለች። ከፍያለው ከመሣሪያው ኋላ ወንበሩ ላይ ተደላድሏል። ወልዱ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«የሐኪሙ ውጤት መጥቷል» ብላ ጀመረች። «ይዲድያን ሰይጣንም እርግማንም አልገደለውም። የሞተው በጭስ ታፍኖ ነው። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር በተዘጋ ቦታ ሲሠራ የማይሸት መርዝ አለው። ያንን የተነፈሰ ሰው ጥፍሩና ድዱ ሮዝ ይሆናል። ስለዚህ ገንዳው ተዘግቶ ነበር፤ ጭሱም ገብቷል። የት ገባ? በአየር ቱቦው። የቱቦው አፍ ጥላሸት ነው፤ ከሥሩ ያለው ሣር ተለብልቧል። ጄኔሬተሩ በተገኘበት ቦታ ያለው ሣር ግን ለምለም ነው። አንድ ሰው ጄኔሬተሩን ወደ ቱቦው አምጥቶ፣ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ቦታው መለሰው።»

«ራሱ ይሆናል ያመጣው» አለ ከፍያለው። «ዓለም በቃኝ ሲል ነበር የሰነበተው።»

«ራሱ አምጥቶ፣ ገብቶ፣ ከውስጥ ሆኖ መቀርቀሪያውን ከውጭ ዘጋ? ከሞተ በኋላስ ተነስቶ ጄኔሬተሩን መለሰ? ግንባሩ ላይ በደም ተጽፏል፤ ጣቶቹ ግን ንጹሕ ናቸው። ተጻፈበት እንጂ እሱ አልጻፈም።»

አልጣሽ በእጇ ወደ ሽማግሌው አመለከተች።

«አባባ ሙሉካ ረግመውት ነበር» አለች አልጣሽ። «ይህን ራሳቸው ነገሩኝ። ግን ዓርብ ታርቀዋል፤ መታረቃቸውን ይዲድያ ለሀኒ ነግሯታል። ዘፈኑ እንዲጠፋ የሚፈልጉ ሰው ዘፈኑን ሊያጠፋ የተነሳውን ልጅ አይገድሉም።» ወደ በሩ ዞረች። «አቶ ታዲዮስ፣ እርስዎ ማንም ሳይነግርዎት ስለ ምልክቱ ያውቁ ነበር። ገንዳው አጠገብ ትውከት አግኝቻለሁ። የሚነግሩን ነገር አለ?»

ታዲዮስ የሸሚዙን ኮሌታ በጣቱ ሳበ። ሲናገር ድምፁ የመዘምራን መሪ ድምፅ አልነበረም።

«እሑድ ጠዋት ሄጄ ነበር። ተመለስ ልለው ነው፣ እንደ ወንድም። ክዳኑ ተከፍቷል። ወደ ታች አየሁት። ደሙ ደርቋል፣ ዝንብ አይኑ ላይ አለ... አስመለሰኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሄድኩ።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤተክርስቲያን» አለ በለሆሳስ። «የማዘምረው እኔ ነበርኩ።»

ሀኒ ቀና ብላ አየችው። «ወንድምህን ለዝንብ ትተህ ሄደህ ዘመርክ?»

ታዲዮስ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። አልጣሽ ሕግ የሚይዘው ጥፋት መሆኑን እርግጠኛ አልነበረችም፤ ግን ከዚያ ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መተንፈስ ከበዳት።

«ይህ ሰው ፈሪ ነው፤ ገዳይ ግን አይደለም» አለች። «የገደለ ሰው ያን ሁሉ አንጀት በእጁ ዘርግቶ በማግስቱ ሊያየው መጥቶ አያስመልሰውም። አሁን ወደ ፍየሏ እንምጣ። ከፍያለው፣ ማን ነው ያመጣት አልከኝ?»

«ይዲድያ።»

«ውሸት ነው» አሉ ሙሉካ በትራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ። «ፍየሏን ሞተርህ ላይ አስረህ ስታልፍ በደጄ አይቼሃለሁ። ትጮህ ነበር። ልጁ ቆይቶ በእግሩ መጣ፤ እጁ ባዶ ነው።»

«ሽማግሌ ናቸው፤ ቀኑን ተሳስተው ይሆናል» አለ ከፍያለው።

«ይሁን» አለች አልጣሽ። «ሽማግሌውን እንተዋቸው። ሥራህን እናዳምጥ። ክፈተው።»

ከፍያለው አመነታ። ወልዱ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ጠጋ አለ። ሙዚቃው ተጀመረ። ጉርምርምታው ወለሉን አንቀጠቀጠው።

«ይሄ ከሥር ያለው ምንድን ነው?»

«ሲንት ነው። ኪቦርድ።»

«እኔ ጄኔሬተር ነው እላለሁ። ሁልጊዜ ድምፁ እንዳይገባ ራቅ አድርገህ ታቆመው የነበረው ጄኔሬተር በዚህኛው ሥራ ብቻ ከማይኩ አጠገብ ነው። አሁን ደግሞ ይሄን ስሙ።» እንደ ጠጠር የሚረግፈው ድምፅ ተነሳ። «አባባ፣ ይሄን ያውቁታል?»

ሽማግሌው ጆሯቸውን አዘነበሉ። «በረዶ ነው» አሉ። «በብረት ላይ የሚወርድ በረዶ።»

«በረዶ ዲላ አልወረደም። ዱመርሶ ላይ የወረደውም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አንተ መቅረጫውን ይዤ ወርጄ ምሳዬን እዚህ በላሁ፣ ከእጄም አልወጣም ብለኸኛል። እዚህ የነበረ መቅረጫ እዚያ የወረደውን በረዶ እንዴት ቀዳ? በሟቹ ግንባር ላይ ያለውስ ፊደል ምንድን ነው፣ ሀኒ?»

«በረዶ» አለች ሀኒ።

«ግንባሩ ላይ የጻፈው ሰው በረዶው ሲወርድ እዚያ ነበር። ደስ አለው፤ ርዕስ አገኘ። የሥራውም ስም ያው ነው፣ የሬሳውም ምልክት ያው ነው።»

በዚያው ቅጽበት ከበሮው ገባ፤ ፈጣን፣ የተደናገጠ ምት። ሀኒ ከወንበሯ ተነሳች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች። «ከበሮው እኔ ጋ ነው። ከዓርብ ጀምሮ እኔ ጋ ነው! ምንድን ነው የሚመታው?»

አልጣሽ ወደ ሀኒ ዞረች። የተላጡት የጣት አንጓዎች አይኗ ላይ መጡባት።

«ክዳኑን ነው» አለች። «ክፈቱልኝ እያለ ነው።»

«አጥፋው!» ብላ ጮኸች ሀኒ። «አጥፋው! አጥፋው!»

ከፍያለው እጁን ወደ ማጥፊያው አልሰደደም። ያዳምጥ ነበር፤ ጭንቅላቱ በምቱ ልክ በጣም ቀስ ብሎ ይነቀነቅ ነበር። ወልዱ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው።

«ማይኩ ከውስጥ ነበር፤ አንተ ከውጭ» አለች አልጣሽ ወደ እሱ ጎንበስ ብላ። «በረዶ እየወረደብህ፣ ማዳመጫ ጆሮህ ላይ አድርገህ እስኪጨርስ ሰማኸው። ስምህን ሲጠራም ሰምተሃል፤ እሱን ቆርጠህ አውጥተኸዋል። ሌላውን ግን ልትጥለው አልቻልክም።»

«ሊያጠፋው ነበር እኮ» አለ ከፍያለው። የተቆጣ ሕፃን ይመስላል። «ሁሉንም ሊያጠፋ ነበር፤ ለአንድ የተሰነጠቀ ድንጋይ ብሎ! እኔ ያለ እሱ ማን ነኝ? የዘፋኝ ገመድ ጎታች ነኝ። ስሙኝ... እናንተ ታሪኩን እያሰባችሁ ነው የምትፈርዱት። ታሪኩን ተዉትና ድምፁን ብቻ ስሙ። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ቀድቶ አያውቅም። ራሱ ይዲድያ ቢሰማው—»

ሙሉካ ተነሱ። በትራቸውን ሲያነሱ አልጣሽ ይመቱታል ብላ ነበር። አልመቱትም። ፊቱ ላይ እትፍ ብለው ወጡ።

*

ይዲድያ ሐሙስ ተቀበረ። ታዲዮስ መዝሙር ሊያስጀምር አፉን ከፈተ፤ ሀኒ አይታው ስትቆም መልሶ ዘጋው። ማንም ሌላ ሰው አልጀመረም። አፈሩ ሲወርድ የአካፋ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

አልጣሽ ሀኒን እቤቷ አድርሳ ነበር የተመለሰችው። ሀኒ ከመግባቷ በፊት የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከኢንተርኔት ላይ ይነሳል አይደል?»

«አስነስተነዋል» አለች አልጣሽ። «ግን ብዙ ሰው ገልብጦታል። እኛ ባነሳን ቁጥር ሌላ ቦታ ይለቁታል። ፖሊስ ገዳዩን እንደያዘው ካሳወቀ ወዲህ ደግሞ... የሚያዳምጠው ሰው በዝቷል።»

ሀኒ በሩን ዘጋች።

አልጣሽ ወደ መኪናው ስትመለስ ወልዱ መሪው ላይ ተደግፎ አይኑን ጨፍኗል። የተኛ መስሏት ነበር። በሩን ስትከፍት አልሰማትም። ከጆሮው ላይ ሽቦ ወደ ደረት ኪሱ ይወርዳል። ጣቱ በመሪው ላይ ይመታ ነበር፤ መጀመሪያ ፈጠን ብሎ፣ ከዚያ እየዘገየ።

ሽቦውን ከጆሮው ነጠቀችው። ወልዱ ደንግጦ ተነሳ።

«ኢንስፔክተር... ለምርመራው ነው። በደንብ እንድረዳው ብዬ...»

«ምርመራው አልቋል።»

«አዎ፣ ግን...» አንገቱን ደፋ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የልጆች አባት ነው፣ ሬሳውንም ከገንዳው በትከሻው ያወጣው እሱ ነው። «ስሕተት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንዴ ከሰማሽው በኋላ... ያምራል እኮ።»

አልጣሽ ሽቦውን ጭኑ ላይ ጣለችለት። ከዚያ የመኪናውን በር በቀስታ ዘግታ፣ በአቧራማው መንገድ ዳር ዳር ወደ ጣቢያው በእግሯ መሄድ ጀመረች። ወልዱ ከኋላዋ መኪናውን አስነሳ። የሞተሩ ድምፅ ሲቀርባት እርምጃዋን አፈጠነች።